ትኩሳታቸውን ከእኔ የደበቁ ባልደረቦቼ

ነሐሴ 2011 ዓ.ም. ነው። በምሠራበት የድሬዳዋ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ጥላ ያለበት ቦታ ሁሉ በሕመምተኛ ተይዟል። ሰው ጎብጦ ይገባል፣ ጎብጦ ይወጣል። በትንኝ ንክሻ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያ ከተማዋን ከያዛት ሳምንታት ተቆጥረዋል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ መርፌ ክፍል ውስጥ አንዲት ወጣት ነርስ የመድኃኒት ትሪ ይዛ ስትዞር ትሪው ከእጇ አምልጦ ወደቀ። እሷም ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ እያለች መሬት ላይ ተቀመጠች። ግንባሯን ስነካው ያቃጥላል። ለካናት፤ 39.5።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

ዝም አለች። የመለሰችልኝ ጓደኛዋ ናት። «ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው፣ ሲስተር።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። ያን ቀን ማታ ሌሎቹን አንድ በአንድ ስጠይቅ፣ ሌሎች አራት ሰዎች ትኩሳታቸውን ከእኔ ደብቀው ሲሠሩ እንደ ሰነበቱ ተረዳሁ። ፓራሲታሞል ከኪሳቸው እያዋጡ ይገዙ ነበር። እጁ መጨበጥ ላቃተው ሌላው ሲሪንጅ ይከፍትለታል፤ መቆም ላቃታት ሌላዋ ወረፋዋን ትሸፍንላታለች። እርስ በርስ ተደጋግፈው፣ ተዛዝነው፣ ነገሩን ሁሉ ጨርሰውት ነበር። ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። የእነዚያ ሰዎች ኃላፊ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ይህን የምጽፈው በሰው ላይ ሥልጣን ላላቸው ክርስቲያኖች ነው። ሥልጣን ስል ወንበርና ማኅተም ብቻ ማለቴ አይደለም። የእድር ዳኛ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ የክፍል ኃላፊ መምህር፣ የቤት ሠራተኛ ያላት እመቤት ሁሉ በዚህ ውስጥ አሉ። ያን ጊዜም እኔ ክርስቲያን ነበርኩ። ጾሙን እጾማለሁ፣ ቅዳሴ አላስታጉልም፣ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ቀርቼ አላውቅም። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ሰኞ ጠዋት የሥራ ገዋኔን ስለብስ ግን ሌላ ሕግ የሚገዛኝ ሰው ነበርኩ፤ ይህንንም አላስተዋልኩትም ነበር።

የነርሶች አስተባባሪ የሆንኩት በ2009 ዓ.ም. ነው። ከእኔ በፊት የነበረው አሠራር የላላ ነበር፤ ሰው ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። እኔ ይህን ላስተካክል ተነሣሁ። የሰዓት ፊርማ መዝገቡን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ አነሣና በባዶው ቦታ ቀይ አሰምርበታለሁ። የጠዋት ርክክብ ላይ ያጠፋውን ሰው በስሙ ጠርቼ፣ አስቁሜ እጠይቃለሁ። ክፉ የሚባሉትን የሌሊት ተራዎች፣ የበዓል ዋዜማዎችን፣ ያስቀየሙኝ ሰዎች ላይ እደረድራቸው ነበር። ማንም ሊከሰኝ አይችልም፤ ሰሌዳው ላይ የሚታየው ተራ ነው፣ ተራ ደግሞ ለሁሉም ይደርሳል። እኔ ግን ለማን፣ ለምን እንዳደረስኩ አውቅ ነበር።

አንድ ቀን አንዲት የፅዳት ሠራተኛችንን በሕመምተኞች ፊት አዋረድኳት። አልጋ ሥር ደም የነካው ጥጥ አግኝቼ «ዓይን የለሽም?» አልኳት። በዕድሜ ትበልጠኛለች። ጎንበስ ብላ አነሣችው፣ ምንም አልመለሰችልኝም። የድሬን ሰው የሚያውቅ ያውቃል፤ እኛ ጋ «አንቱ» መባባል ብዙም አይታወቅም፣ ታናሽም ታላቅም በ«አንተ» በ«አንቺ» ነው የሚግባባው፤ ከፍቅር ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ያቺ ሴት «እርስዎ» ትለኝ ጀመር። እኔ አክብሮት መሰለኝ።

ውጤቱ ደግሞ ያማረ ነበር። መዝገቡ ሞልቶ ይገኛል፣ ወለሉ ያበራል፣ በግምገማ ላይ ተመሰገንኩ። ለዚህ ነው ትሪው የወደቀበት ቀን ያስደነገጠኝ። አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሰዎች ትኩሳታቸውን ከደበቁ ሌላስ ምን ደብቀው ይሆን? የተሳሳተ መድኃኒት ቢሰጡ ይነግሩኛል? አልተኛሁም ያን ሌሊት። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥፋት ጠፋ ብዬ የተደሰትኩበት ነገር፣ ጥፋቱ ከእኔ ዓይን መራቁ ብቻ ሊሆን እንደሚችል ገባኝ።

ሳምንት ሳይሞላ እኔም ታመምኩ።

በሽታውን የቀመሰ ያውቀዋል። ጠዋት ከአልጋ ወርጄ መሬት ስረግጥ ቁርጭምጭሚቴ የተሰበረ መሰለኝ። የጣቶቼ አንጓዎች አብጠው የጄሪካን ክዳን መክፈት አቃተኝ፤ ጸጉሬን ማበጠር አቃተኝ። «ቺኩንጉንያ» የሚለው ቃል የመጣው ከደቡብ ታንዛኒያና ከሰሜን ሞዛምቢክ ከሚነገረው ከማኮንዴ ቋንቋ ነው፤ የሚያጎብጥ እንደ ማለት ነው። በዚያ ክረምት በድሬዳዋ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አጎበጠ። ገዳይነቱ እምብዛም ነው፤ ነገር ግን ሰውን ከሰው እጅ በታች ያደርገዋል። ባለቤቴ የጂቡቲ መስመር ሾፌር ነው፣ ያን ሰሞን መንገድ ላይ ነበር። ቤት ውስጥ ከዘጠኝ ዓመት ልጄ ጋር ብቻ ነበርን።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ተንኳኳ። ልጄ ከፈተ። ያቺ የፅዳት ሠራተኛችን ነበረች። በባጃጅ ሁለት ጄሪካን ውኃ ጭና፣ በፔርሙዝ ሾርባ ይዛ መጥታለች። «ቢስሚላሂ» ብላ ገባች፣ ድሪያዋን ሰብሰብ አድርጋ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። መነሣት አልቻልኩም። «ማን ላከሽ?» አልኳት።

«ማን ይልከኛል? ባለቤቴን ይዞት አይቼዋለሁ፣ ጄሪካን አይነሣም። አብሽሪ» አለችኝ።

ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥታ ተመለሰችና፣ ቆጣ ብላ፣ «ሲስተር፣ በርሜልሽ ክፍት ነው እኮ!» አለች። ይህን ስትል አፈርኩ። ያን ወር ሙሉ ለሕመምተኛው ሁሉ የማስተምረው ይህንኑ ነበር። ትንኟ የምትነክሰው በቀን ነው፣ በተለይ ጠዋትና ወደ ማታ፤ የምትራባው ደጅ ባለው ረግረግ ሳይሆን ቤታችን ውስጥ ባጠራቀምነው ንጹሕ ውኃ ነው፤ በርሜላችሁን ክደኑ፣ ጎማ ውስጥ የቆመውን ውኃ ድፉ፣ ትኩሳት ላይ ያለ ሰው ቀንም አጎበር ውስጥ ይተኛ፣ ዴንጊ የሚባለው ሌላው የትንኝ ትኩሳት አለመሆኑ ሳይታወቅ አስፕሪን አትውሰዱ። ውኃ እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ በርሜል የሌለው ቤት የለም፤ የእኔ ግን ክዳን አልነበረውም። እሷ ጣውላ ፈልጋ ከደነችው፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ጫነችበት። ሦስት ቀን ከሥራ በኋላ እየመጣች እንዲህ አደረገች። አንድም ቀን ያደረግኩባትን አላነሣችም። ያለ «እርስዎ» ያናገረችኝም ያን ጊዜ ነው።

በጳጉሜን ለመራመድ ስበቃ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። የምናዘዘው ኃጢአት ቁጣ መስሎኝ ነበር። «ተቆጥቻለሁ፣ ሰው አስቀይሜያለሁ» አልኳቸው። አባ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ስትገቢ ሰዎቹ ምን ያደርጋሉ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ይነሣሉ።»

«ከዚያስ?»

«ወሬያቸውን ያቆማሉ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የማርቆስን ወንጌል ምዕራፍ 10ን ከቁጥር 35 ጀምሮ እስከ መጨረሻው በየቀኑ ለአንድ ሳምንት እንዳነብ አዘዙኝ። አልተረጎሙልኝም። ስወጣ ግን አንድ ነገር ጨመሩ፦ «በአደባባይ ያዋረድሽውን ሰው በጓዳ ይቅርታ አትጠይቂው።»

ክፍሉን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። «በእናንተስ እንዲህ አይደለም» የሚለውን፣ «የሰው ልጅ ሊያገለግል እንጂ እንዲያገለግሉት አልመጣም» የሚለውን በቃሌ እለዋለሁ። በአራተኛው ቀን ግን ያላየሁትን አየሁ። ያዕቆብና ዮሐንስ በቀኝና በግራ ለመቀመጥ ወንበር ሊለምኑ ሲመጡ ጌታ «ምን ላደርግላችሁ ትወዳላችሁ?» ይላቸዋል። ከዚያ ስለ አለቅነትና ስለ አገልጋይነት ያስተምራል። ወዲያው ኢያሪኮ ይደርሳሉ፤ መንገድ ዳር የተቀመጠው ዕውሩ በርጤሜዎስ ይጮኻል፣ ሕዝቡ ዝም በል ይለዋል፣ ጌታ ቆሞ ያስጠራዋል። የሚጠይቀውም ያንኑ ጥያቄ ነው፦ «ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?» ለዙፋን ፈላጊውም ለለማኙም አንድ ጥያቄ። ዕውር ምን እንደሚፈልግ ማንም ያውቃል፤ ጌታ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም የጠየቀው። ሰውየው አፍ አውጥቶ እንዲናገር አደረገው። ሕዝቡ ዝም በል ያለውን ሰው እሱ አናገረው። እኔ ደግሞ ስገባ ሰው ዝም የሚልልኝ አለቃ ነበርኩ።

በጸሎተ ሐሙስ ካህናት ጎንበስ ብለው የምእመናንን እግር ሲያጥቡ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ያን ሳምንት የዮሐንስን ምዕራፍ 13ንም አነበብኩት። አብ ሁሉን በእጁ እንደ ሰጠው አውቆ ተነሣ ይላል፤ ሁሉ በተሰጠው እጅ የያዘው ማበሻ ጨርቅ ነው። የይሁዳንም እግር አጥቧል፤ እያወቀ። እኔ ግን ሥልጣን በእጄ ሲገባ መጀመሪያ ያነሣሁት ቀይ እስክሪብቶ ነበር።

መስከረም 2012 ላይ፣ አዲስ ዓመቱ ካለፈ በኋላ፣ በጠዋት ርክክብ ላይ ቆምኩ። ፅዳቶችም ጥበቃዎችም እንዲገቡ አስጠራሁ፤ እነሱ ርክክብ ላይ ገብተው አያውቁም ነበር። ምን እንዳጠፋሁ በዝርዝር ተናገርኩ፤ የሌሊት ተራውን በቂም እደለድል እንደነበር ጭምር። ይህን ስናገር ድምፄ ተቆራረጠ። ፅዳቷን በስሟ ጠርቼ በዚያ ቀን ያልኳትን ቃል ደገምኩትና ይቅርታ ጠየቅሁ። ለሚያነብ አለቃ የምለው ይህ ነው፦ «ያስቀየምኳችሁ ካለ ይቅርታ» አትበሉ። ያ ይቅርታ አይደለም፤ ሰው በደሉን ራሱ እንዲቆጥር መተው ነው። ያደረጋችሁትን በስሙ ጥሩት።

ማንም አላለቀሰም፣ ማንም አላቀፈኝም። አንዱ ጥበቃ «እግዚአብሔር ይፍታ» አለ፤ ሌሎቹ ወደ ሥራቸው ሄዱ። ለብዙ ሳምንታት ይጠባበቁኝ ነበር፤ ይህ ነገር እስከ መቼ እንደሚቆይ ሊያዩ። እውነታቸውን ነው።

ርክክቡ ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ሰው «ምን ላድርግልህ? ምን ላድርግልሽ?» ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት «ምንም» ብቻ ነበር መልሱ። ከዚያ አንዷ ነርስ በዝግታ «የሌሊት ተረኛ ክፍል በሩ አይቆለፍም» አለችኝ። ሴቶቹ ነርሶች ሌሊት በሩን በወንበር ደግፈው ነበር የሚያርፉት። እኔ ለሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት የመደብኳቸው እዚያ ክፍል ነው። በዚያው ቀን ከቀፊራ ገበያ ቁልፍ ገዝቼ አናጢ ጠርቼ አስገጠምኩ። የንብረት ጥያቄው ወረቀት ደርሶ ቢመለስ ኖሮ ወር ይፈጅ ነበር። ቀጥሎ የመጣው የመጸዳጃው መተላለፊያ አምፖል ነበር። ቀጥሎ ለፅዳቶቹ ወፍራም ጓንት፤ የመርፌ ጫፍ በቀጭኑ እየገባ ይወጋቸው ነበርና። ሁሉም ትንንሽ ነገር ነው፣ ግን አንዱንም ከቢሮዬ ሆኜ አላየሁትም ነበር።

እምቢ ያልኩበትም አለ። አንዱ ሠራተኛ ሌሊት ጨርሶ እንዳይመደብ ለመነኝ፤ ምክንያቱ ደስ አይልም ብቻ ነበር። የእሱን ሌሊት የሚሸከመው ሌላ ሰው ነው። ያዕቆብና ዮሐንስም የለመኑትን አላገኙም፤ «የምትለምኑትን አታውቁም» ነው የተባሉት። መጠየቅ ሁሉንም እሺ ማለት አይደለም።

በፍቅር ማገልገልን ከመለሳለስ ጋር አምታትቼ የሠራሁት ስሕተትም አለ፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። አንድ ባልደረባችን ወረፋ ለማስቀደም ከሕመምተኞች ገንዘብ እንደሚቀበል ሰማሁ። በማቴዎስ ምዕራፍ 18 እንደተጻፈው ለብቻው ጠርቼ ወቀስኩት። አለቀሰ፣ ማለ። ሁለተኛ ሲደግመው ግን አዘንኩለት፤ ልጆች አሉት፣ የኔም የቀድሞ ጭካኔ ይከብደኛል፣ «እኔ ማን ሆኜ» አልኩ። ሁለት ወር ዝም አልኩ። በእነዚያ ሁለት ወራት የከፈሉት ሕፃን አዝለው ከገጠር የሚመጡ እናቶች ናቸው። የራሴን ጸጸት ለማቅለል የእነሱን ብር ከፈልኩበት። በመጨረሻ ጉዳዩን በጽሑፍ ለበላይ አቀረብኩ፤ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፣ ከካርድ ክፍሉም ተነሣ። ደብዳቤውን በሰው ፊት አላነበብኩትም፤ በሩን ዘግቼ፣ አስቀምጬ፣ በእጁ ሰጠሁት። ሰላምታዬን አልከለከልኩትም። እስከ ዛሬ በደንብ አያናግረኝም፣ ያምመኛል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ቁልቢ ነው። እኛ ጋ ድሮም ደስ የሚል ልማድ አለ፤ በገናና በፋሲካ ሙስሊሞቹ ባልደረቦቻችን ይሸፍኑልናል፣ በዒድና በአረፋ እኛ እንሸፍናለን። የቁልቢ ቀን ግን ችግር ነው፤ ክርስቲያኑ ሁሉ መሄድ ይፈልጋል፣ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ የሚሄደው ምእመን ብዛት ደግሞ ጤና ጣቢያውንም ያጨናንቀዋል፤ እግሩ የቆሰለ፣ የደከመው፣ ያንቀጠቀጠው ወደኛ ይመጣል። የሰሌዳው ባለቤት ስለሆንኩ እኔ በየዓመቱ እሄድ ነበር። ታኅሣሥ 2012 ላይ ስሜን የ18 ሌሊትና የ19 ቀን ላይ ጻፍኩት። ያቺ ትሪው የወደቀባት ነርስ ሥራ ከጀመረች ወዲህ ሄዳ አታውቅም፤ ስለት ነበረባት፤ ሄደች።

ደስ እያለኝ ነው ያደረግኩት ብል እዋሻለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ቅር ብሎኝ ነበር። ከጠዋቱ ላይ እግራቸው በእንፉቅቅ መንገድ የተላላጠ አንዲት አሮጊት መጡ፤ ለስለታቸው ከሩቅ በእግራቸው የተጓዙ ናቸው። የሞቀ ውኃ በሳፋ አቀረብኩ፣ ተንበርክኬ ቁስላቸውን አጠብኩ፣ በጋዝ ሸፈንኩት። ለነርስ ይህ የዕለት ሥራ ነው፤ ሺህ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ያን ጠዋት ግን ቅሬታዬ እጄ ላይ እንዳለ አጠብኩ፣ ሳልጨርስ ለቀቀኝ። «ገብርኤል ይከተልሽ» ብለው መረቁኝ።

አሁንም የፊርማ መዝገቡ አለ፤ አሁንም ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ አየዋለሁ። የጎደለ ሰው ካለ መጀመሪያ ስልክ እደውላለሁ፦ «ደኅና ነሽ?» የሌሊት ሰሌዳውን ሁለት ነርሶች በየወሩ እየተፈራረቁ ያወጡታል፤ እኔ ራሴን እንኳ እነሱ ናቸው የሚመድቡኝ። ቁጣዬ ጨርሶ አልሄደም። ሲመጣ ወደ ቢሮዬ ገብቼ በሩን እዘጋለሁ፤ ባልደረቦቼም ያን በር ሲያዩ ያውቁታል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ገና ዓመት ያልሞላት ነርስ ናት፣ እየተንቀጠቀጠች ነው የምታወራው። «ሲስተር፣ ተሳስቻለሁ። ለአንዱ ሕፃን የታዘዘውን መርፌ ለአጠገቡ ላለው ሰጠሁት።»

«መቼ?»

«አሁን። አሥር ደቂቃ አይሆነውም።»

ተረኛውን ጤና መኮንን ቶሎ እንድትጠራ ነገርኳት፣ የሕፃኑን ትንፋሽና ቆዳ ካጠገቡ ሳትርቅ እንድታይ ነገርኳት። ባጃጅ ለምኜ ደረስኩ። መድኃኒቱ ለዚያ ሕፃን ያልታዘዘ ቢሆንም ሰውነቱ አልተቆጣም ነበር። እናትየዋን እኔና ነርሷ አብረን ነገርናት፤ ነርሷ ራሷ ጀመረች፣ እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እናትየዋ ጮኸች፣ ከዚያ ልጇን አቅፋ ተቀመጠች። እስኪነጋ ሦስታችን ካጠገቡ አልተነሣንም። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያቺ ፅዳታችን መወልወያዋን ይዛ ገባች፣ ሁኔታችንን አየችና ምንም ሳትጠይቅ ሻይ ልታመጣልን ወጣች።